ሰአዳና የአልቢው አውቶቡስ መጠበቂያ

አሁን ስቶክሆልም ዳር ያለችው አልቢ የሚወርድ ሰው የድሮውን የአውቶቡስ መጠበቂያ ክፍል አያገኘውም። ሰአዳን ከጠየቃችሁ ግን ባዶው አየር ላይ በእጇ ግድግዳ እያቆመች ታሳያችኋለች። “እዚህ በሩ፣ እዚህ የእንጨቱ አግዳሚ፣ እዚያ ጥግ ማሞቂያው፤” ትላለች። “ከማሞቂያው አጠገብ የብርቅአየሁ ቦታ ነው። ማንም አይነጥቃትም ነበር።”

ሰአዳ የደሴ ልጅ ናት። በሱዳን በኩል ወጥታ ስቶክሆልም ስትገባ ሠላሳ ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት። ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው፤ ስዊድኖቹ ሄምሼንስት ይሉታል። በመጀመሪያው ክረምቷ አንድ ቀን አውቶቡስ አመለጣትና ለመሞቅ ወደ መጠበቂያው ክፍል ገባች። አግዳሚው ላይ አንዲት ደልደል ያለች ሴት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ማሞቂያው ላይ ሰቅላለች። ሰአዳን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣

“በዚህ ብርድ እንዲህ ባለ ስስ ካልሲ የሚወጣ ሐበሻ ብቻ ነው። ነይ፣ እግርሽን እዚህ አድርጊ፤” አለቻት።

ብርቅአየሁ ነበረች። ሰአዳ ከመጣች ጀምሮ በአማርኛ የተቆጣት ሰው አልነበረም፤ ሳታስበው ሳቀችም አለቀሰችም። የዚያን ቀን ሌላም አውቶቡስ አመለጣት።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ ቤቷ መግባት ተወች። እንደሷ ያሉ ብዙ ነበሩ። ሸረፈዲን ብሬዴንግ ከሚባለው ሰፈር ካለችው ትንሽ የጨርቅ ሱቁ ሲመለስ ይወርድና ወሬ ይዞ ይገባል። ሰአዳ ቀረፋ የበዛበት ሻይ በቴርሞስ ታመጣለች። አገር ቤት ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ቤት ተሰጠው፣ ሁሉም እዚያ አግዳሚ ላይ ይታወቃል። አውቶቡሶቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ከእነሱ የሚሳፈር ግን የለም።

የክፍሉ አባወራ አባባ ብርሃነ ሥላሴ ነበሩ። አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ፣ ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ የማይወጡ ሰው። በሩን ሲከፍቱ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ብድግ ይላል።

“ኖር።”

“በእግዜር፣ በእግዜር። ኧረ ተቀመጡ፣ ፈረንጁ አውቶቡስ የመጣ ይመስለዋል።”

እውነታቸውን ነው። ሐበሻው ሲነሳ አብረው የሚጠብቁት ስዊድናውያንም ቦርሳቸውን አንስተው ወደ በሩ ይሄዱ ነበር። ከዚያ ባዶውን መንገድ አይተው እያፈሩ ይመለሳሉ። ሰአዳ ይህን ስታወራ እስከ ዛሬ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች።

አንድ መስከረም ላይ አባባ ብርሃነን አንድ ጎናቸውን መታቸው። ከሆስፒታል በዊልቸር ወጡ። የአውቶቡስ ጣቢያው ደግሞ ከአደባባዩ በታች ነው፤ የሚወረደው በድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም እየተሰባሰበ ቤታቸው ሄደ። ከዚያ በወር፣ ከዚያ በበዓል ሆነ። አግዳሚው ላይ ስማቸው ይነሳል፣ “ምስኪን” ይባላል፣ ሌላ ወሬ ይቀጥላል። ሰአዳም ብትሆን ከሌሎቹ ብዙም አልተሻለችም።

በዘጠና ስድስት፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ጣቢያው ሊታደስ ነው ተባለ። ዕቅዱ በሥዕል ተሠርቶ አደባባዩ ላይ ተለጠፈ። ከአደባባዩ ወደ አውቶቡሶቹ ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውረጃ ይሠራል፣ የመሳፈሪያው ጠርዝ ከአዲሶቹ ዝቅተኛ አውቶቡሶች ወለል እኩል ይሆናል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ መውረጃው የሚያልፈው መጠበቂያው ክፍል ባለበት ነው። ክፍሉ ይፈርሳል፤ በምትኩ ከመስተዋት የተሠሩ ክፍት መጠለያዎች ይቆማሉ።

“መስተዋት!” አለች ብርቅአየሁ። “እንደ ዓሣ ልንታይ ነው?”

“ዓሣስ ውኃው ውስጥ ነው፤ አንቺን ነፋሱ ነው የሚበላሽ፤” አላት ሸረፈዲን።

“አንተ ሳቅ። ማሞቂያዬ ሲሄድ ሱቅህ ድረስ መጥቼ ነው እግሬን የምሰቅለው።”

ሁሉም ሰው አስተያየት እንዲሰጥ በሰፈሩ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ስዊድንኛዋ ከሁሉም ይሻላል ተብሎ እንድትናገር የተመረጠችው ሰአዳ ናት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ክፍሉ ለሷ ክፍል ብቻ አልነበረም። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ ከሥራ ስትወጣ “ዛሬ ቆየሽ” የሚላት ሰው ያለው እዚያ ብቻ ነው። ያ ከፈረሰ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ መሆኑ ነው። የምትናገረውን ሳህን እያጠበች ተለማመደች። ስለ ተዳፋቱ ሳይሆን ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አግዳሚው፣ ብቸኛ ሰው ስለሚያርፍበት ቦታ ነበር የምትለው።

በስብሰባው ቀን ሐበሻው አዳራሹ መሐል አንድ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ወጣት እናት ተነሥታ የሕፃን ጋሪ ተሸክሞ ደረጃ መውረድ ምን እንደሚመስል ተናገረች። አንድ ጡረተኛ ደግሞ፣ ሰፈሩ ከተሠራ ጀምሮ ያለ ክፍል ለምን ይፈርሳል፣ አዲስ ነገር ሁሉ ደግ ነው ያለው ማነው ብለው ተቆጡ። ክርክሩ እየጦፈ ሄደ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

“አንድ ተናጋሪ ይቀሩናል፤” አለች። “ከዚያ በፊት የአዳራሹን ስሜት ልይ። የኋላዎቹ እጅ አይታየኝም፤ አዲሱን ዕቅድ የምትደግፉ እባካችሁ ቁሙ።”

ጥቂት ሰዎች ተነሡ። ሐበሻው እንደተስማማው በየወንበሩ እንደ ተተከለ ነው። በዚያው መሐል የጎን በር ተከፈተ። የአባባ ብርሃነ ልጅ ኢየሩስ አባቷን በዊልቸር እየገፋች ገባች። ባርኔጣቸውን አድርገዋል፤ ፊታቸው ከስቷል።

ማንም አላሰበበትም። ወንበሩ ተንኳኳ፣ መሐሉ በሙሉ ብድግ አለ።

“ኖር።”

አባባ ብርሃነ በደህናው እጃቸው ባርኔጣቸውን አነሡ። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ በጣቷ ቆጠረች፣ ጸሐፊዋም መዘገበች። ሸረፈዲን ነገሩ የገባው ያኔ ነው።

“ሰአዳ፣” አላት እንደቆመ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ “አፍርሱት አልናቸው እኮ።”

“ተቀመጡ!” አለች ብርቅአየሁ በሹክሹክታ።

“እሳቸው ቦታ ሳይዙ እንዴት እንቀመጣለን?” አላት ሸረፈዲን።

ኢየሩስ ወደ አባቷ ጎንበስ ብላ ሰብሳቢዋ ያለችውን ነገረቻቸው፤ የቆሙት መውረጃው እንዲሠራ የሚፈልጉ ናቸው አለቻቸው፣ በስዊድንኛ። አባባ ብርሃነ መሐሉን ቀና ብለው አዩ። አንድ በአንድ ነበር የሚያዩት።

“ለእኔ ብላችሁ ነው?” አሉ በአማርኛ። ምላሳቸው ስለሚከብድ ቃሉ ቀስ ብሎ ነው የወጣው። “እኔ እኮ የረሳችሁኝ መስሎኝ ነበር።”

ሰብሳቢዋ፣ “እንግዲህ የመጨረሻዋ ተናጋሪ ይቀጥሉ፤” አለችና ወደ ሰአዳ አየች። ሌሎቹ ተቀመጡ፤ ሰአዳ ብቻ እንደቆመች ቀረች። ብርቅአየሁ የቀሚሷን ጫፍ ጎተተቻት። ስህተት ነው፣ እኛ የተነሣነው በባህላችን ለሽማግሌ ነው ብትል ይበቃ ነበር፤ ስዊድንኛውም አይጠፋትም። ያ ሁሉ የተለማመደችው ንግግርም አፏ ላይ ነው። ግን አባባ ብርሃነ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እያዩዋት ነው።

“የቆምነው ለእሳቸው ነው፤” አለች በስዊድንኛ፣ በእጇ እያሳየቻቸው። “ሌላ የምለው የለኝም።”

ሲወጡ ሸረፈዲን ቀድሞ ሄደ። ብርቅአየሁ ግን እስከ ደጇ አልለቀቀቻትም።

“አንድ ቃል አቅቶሽ ነው?”

“አላቃተኝም።”

“እና የት ልንቀመጥ ነው?”

“እኔ እንጃ፣ ብርቄ።”

በሚቀጥለው ዓመት በረዶው ሲቀልጥ ክፍሉ ፈረሰ። ሰአዳ በዚያ ሰሞን በሌላ መንገድ ዞራ ነበር የምትሄደው። ጣቢያው አልቆ ሲከፈት መስተዋቱ ያብረቀርቃል፣ ተዳፋቱ ሰፊና ለስላሳ ነው። የሕፃን ጋሪዎች እንደ ልባቸው ይወርዳሉ። መቀመጫው ግን ለየብቻ የተተከለ፣ ብረት፣ ቀዝቃዛ ነው። ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ ያልፋል። ብርቅአየሁ ጉልበቴን አሞኛል ብላ ቀረች። ሸረፈዲን ከሩቅ እጁን ያወዛውዛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰአዳ አባባ ብርሃነን ራሷ ገፍታ አወረደቻቸው። ሽማግሌው ተላጭተዋል፣ ከረባት አስረዋል። መስተዋቱ ሥር ሲደርሱ ግራና ቀኝ አዩ።

“የታሉ?” አሉ።

“ብርድ ነው፣ አባባ። ሰው ቤቱን ይዟል።”

“እኔ ስለመጣሁ ነው ቤቱ የፈረሰው፣ አይደል? ኢየሩስ ኋላ ነገረችኝ።”

ሰአዳ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፈችላቸው። አዲሱ ዝቅተኛ አውቶቡስ መጥቶ ወለሉ ከጠርዙ እኩል ሆኖ ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ ከውስጥ ሙቀት ወጣ።

“ይሄ ይሞቃል?” አሉ አባባ ብርሃነ።

“በደንብ ይሞቃል።”

“የት ነው የሚሄደው?”

“እስከ ሐይቁ ድረስ ሄዶ ይመለሳል።”

“አስገቢኝ እንግዲያ።”

ገፋቻቸው፤ ጎማው ሳይደናቀፍ ገባ። ሰአዳ በአጠገባቸው ተቀመጠችና ቴርሞሱን ከቦርሳዋ አወጣች። ሽማግሌው በመስኮቱ ነጫጮቹን የበርች ዛፎች፣ ገና በረዶው ያልለቀቀውን ሐይቅ ያያሉ። ከመታመማቸው ወዲህ ይህን መንገድ አላዩትም።

“ሰአዳ።”

“አቤት።”

“ብርቅአየሁን ለሚመጣው ቅዳሜ ንገሪያት። ማሞቂያው ያለው የኋላው ወንበር ሥር ነው በያት።”