መላጊያው ሲቆም

ባለቤቴ አናጢ ነው። ሰፈሩ ጋሼ ዝምታ ይለዋል። እኔም ሲያናድደኝ እንደዚያው እጠራዋለሁ፤ እሱም ዝም ይላል። ሰው ገብቶ «ደህና ዋልክ?» ሲለው ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። «ይሄ ወንበር ይሸጣል?» ሲሉት በአገጩ ወደ እኔ ያመለክታል። ለጋብቻ የጠየቀኝ ቀን እንኳ የተናገረችው እህቱ ናት፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው። ግን በተዘጋ አፍ ደንበኛም አይገባም።

እኔ ደግሞ የሱንም ድርሻ ጨምሮ የተሰጠኝ ሴት ነኝ። በመንገዱና በሥራ ቤቱ መሃል ባለችው ጠባብ ክፍል ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ሁለቱን ሠራተኞቻችንን እቆጣለሁ። በተነሳሁና በተቀመጥኩ ቁጥር ወንበሬ ሲጥ ትላለች። ሠራተኞቹ «እትዬ፣ ወንበርሽም እንዳንቺ ዝም ማለት አታውቅም» እያሉ ይስቁብኛል።

ከመንገዱ ማዶ ባለ መስታወት ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ከተከፈተ ወዲህ ግን ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። እዚያ ወንበር የሚመጣው በካርቶን ተጣጥፎ ነው። ያብረቀርቃል፣ ይረክሳል፣ ቶሎ ይደርሳል። የኛ ደንበኛ እዚያ ገብቶ ሲወጣ አይኑን ከኛ በር ያሸሻል። አንድ ቀን የመደብሩ ሥራ አስኪያጅ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ባለቤቴን በትህትና አነጋገረው፤ ሥራ ቤቱን ዘግቶ እነሱ ዘንድ ገጣጣሚ እንዲሆን ነው። ደሞዝ አለው፣ ሰማያዊ ቱታ አለው፣ ካርቶን እየከፈቱ ብሎን ማጥበቅ ነው። «ክረምቱ እስኪወጣ ያስቡበት» ብሎት ሄደ።

ባለቤቴ ምን መለሰ? ምንም። ግን በነጋታው መሮዎቹን አንድ በአንድ ስሎ በጨርቅ ሲጠቀልላቸው አየሁት። ነገ የሚሠራ ሰው መሣሪያውን አይጠቀልልም። ሰውዬው በእንጨት ካልተናገረ በምን ሊናገር ነው? ሁለቱ ሠራተኞችስ የት ይሂዱ?

«ሰው ስለኛ መስማት አለበት» አልኩ። ስልክ ላይ የሥራ ቤታችን ገጽ አለን፤ አንድ የደበዘዘ ፎቶና የበር ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እኔ ማውራት እንጂ መጻፍ አልችልበትም። ስለዚህ በሰው ስም እየጻፈች የምትኖር ሴት ቀጠርኩ። የሷ ስም የትም አይወጣም፤ የሚያነበው ሰው የሚመስለው ባለሱቁ ራሱ የጻፈው ነው። «ባለፈው ወር የጥርስ ሐኪም ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሳሙና ሻጭ» ስትለኝ ወደድኳት። ሠራተኞቹ ደራሲዋ አሏት።

«ምን ልጻፍላችሁ?» አለችኝ።

«የሚያምር ነገር።»

የጠየቅኩትን አገኘሁ። «ውበትና ምቾት የተዋሐዱበት፣ ለክቡር ቤትዎ የሚገባ፣ ዘመን የማይሽረው የእጅ ጥበብ» ብላ ጻፈች። እኔ እንባዬ መጣ። ሮጬ ሥራ ቤት ገባሁና ባለቤቴ ጣውላ እየላገ ሳለ አነበብኩለት። መላጊያው ቀጥ አለ።

«ይሄን እኔ አልልም» አለ።

የወሩን ንግግር በአንድ ጊዜ ጨረሰልኝ። ተናደድኩና እንዲያውም ይውጣ ብዬ አወጣሁት። የመጣው መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ «የምትሸጡት ሽቶ ነው?»

ደራሲዋ ላይ ጮህኩባት። እሷ ግን አልተቀየመችም። «እትዬ፣ እኔ የጻፍኩት አንቺ የነገርሽኝን ነው። አንቺ ደግሞ ወንበር ሠርተሽ አታውቂም። ጽሑፉ ከአንገት በላይ የሆነው ለዚህ ነው። እሱን አውሺኝ።»

«ውሰጂው! ከተናገረ ጥሪኝ፣ እኔም መጥቼ ልስማ።»

ገብታ ጣውላ ላይ ተቀመጠች። እኔም በበሩ ቀዳዳ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ጋሼ፣ ወንበር ስትሠራ ምን ይሰማሃል?»

«ደህና ነው።»

«ያንተ ወንበር ከሌላው በምን ይለያል?»

ብዙ አሰበ። «እንጨት ነው» አለ።

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይልጋል፣ ፍቅፋቂው እግሯን ይሸፍነዋል። እኔ ተስፋ ልቆርጥ ስል ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ አንድ ወንበር በአንድ እጁ፣ የወንበሩን እግር በሌላ እጁ ይዞ ከተፍ አለ። ከማዶ የገዛው ነው። ደንበኛው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

ባለቤቴ ወንበሩን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። አየው። ከዚያ ጉድ ፈላ!

«ማነው ይሄን እግር እዚህ ያስጠጋው? እግር እኮ እንደ እንግዳ በር ላይ አይቆምም! ይገባል! ገብቶ ይቀመጣል! ይሄ ምንድን ነው? ሰጋቱራ በኮላ! ሚስማሩ የያዘው እንጨት አይደለም፣ ቀለም ነው። እነዚህ ሰው ይቀመጥበታል ብለው አልሠሩትም፣ ፎቶ ይነሳበታል ብለው ነው እንጂ! ወንበር የሚታየው ከላይ ነው ያላቸው ማነው? ሆዱን ሳታዩ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ትወድቃላችሁ!»

ፀጉር አስተካካዩ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሠራተኞቹ መጋዛቸውን አቆሙ። እኔ ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፤ ይሄ ሁሉ ቃል የት ተጠራቅሞ ነበር? ደራሲዋ ብቻ ናት ያልደነገጠችው። ስልኳን አውጥታ ድምፁን እየቀዳች ፊቷ በርቷል።

በነጋታው ይዛ የመጣችው እንዲህ ይላል፦ «ወንበር ከመግዛትዎ በፊት ይገልብጡት። ሻጩ ከደነገጠ መልሰው ያቁሙትና ደህና ዋሉ ብለው ይውጡ። እግር እንደ እንግዳ በር ላይ አይቆምም፤ ይገባል። ድንቅ ወንበር ሆዱ ያምራል።»

እሱ እየላገ አነበበችለት። መላጊያው ሽው፣ ሽው እያለ ሄደ ሄደና መጨረሻው ላይ ቆመ።

«ድንቅ አላልኩም።»

«ይቅርታ ጋሼ» ብላ «ጥሩ» አለችው። መላጊያው ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓታችን ይሄው ሆነ። እሱ ሳይሰማው አንድም ቃል አይወጣም፤ መላጊያው የቆመበት ቦታ ላይ ውሸት አለ ማለት ነው። ነገርን ነገር ያነሳዋል እንዲሉ፣ እሱን የሚያናግረው የተሰበረ ወንበር መሆኑን አውቃለችና ከየቦታው እየለመነች ታመጣለታለች። በርጩማ፣ ሶፋ፣ የሕፃን አልጋ ሳይቀር። እሱ ገልብጦ ይቆጣል፣ እሷ ትቀዳለች፣ እኔ የማንን ስብርባሪ የት እንደማስቀምጥ ጠፍቶኝ እጮሃለሁ። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ቤታችን ጩኸት በጩኸት ሆነ።

ሰውም መምጣት ጀመረ። ገብቶ ሰላም ሳይል ወንበር ይገለብጣል። አንዷ አማቷ ቤት ተጋብዛ የተቀመጠችበትን ገልብጣ እንደተጣላች እየሳቀች ነገረችኝ። በመጨረሻ ማዶ ያለው መደብር በሩ ላይ «ዕቃ መገልበጥ ክልክል ነው» ብሎ ለጠፈ። ያን ቀን ሠራተኞቻችን ከሳቅ ብዛት ሥራ አልሠሩም፤ እኔም አልተቆጣኋቸውም።

ይሁን እንጂ የሚመጣው ሥራ ጥቃቅን ነበር። አንድ ወንበር፣ አንድ ጥገና። ክረምቱም እየወጣ ነው፣ መሮዎቹም ከሁለቱ በቀር እንደተጠቀለሉ ናቸው።

አንድ ጠዋት አንዲት ትልቅ ሴት ቦርሳቸውን ታቅፈው ገቡ። አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍቱ ነው። የምግብ አዳራሹም፣ የየክፍሉም ወንበርና ጠረጴዛ ገና አልተሠራም። ልቤ ዘለለች። ያልሰጠኋቸው ክብር የለም፤ የራሴን ወንበር ለቅቄ አስቀመጥኳቸው። ሲጥ አለች፣ አመለኛ።

«ጽሑፋችሁን ሁሉ አንብቤአለሁ» አሉ። «ብዙ ሰው በወሬ ሌላ፣ በሥራ ሌላ ነው። ስለዚህ ያን ተናጋሪ ሰውዬ በዓይኔ ላየው መጣሁ።»

ተናጋሪው ሰውዬ እጁን እየጠራረገ መጣ። ደራሲዋም ከኋላው ብቅ አለች። ሴትየዋ ስለ እንጨቱ ጠየቁት፤ ራሱን ነቀነቀ። ስለሚፈጅበት ጊዜ ጠየቁት፤ ጣሪያውን አየ። እኔ ቶሎ ብዬ ልመልስ ስል እጃቸውን አነሱብኝ። «አንቺን አይደለም እናቴ። ለመሆኑ እነዚያን ነገሮች የጻፏቸው እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለ ባለቤቴ። በአገጩ ደራሲዋን አሳየ። «የምትጽፈው እሷ ናት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስንት ዓመት ዝም ብሎ ዝም ብሎ፣ አፉን የከፈተው ዛሬ! ደራሲዋ ከንፈሯን ነከሰች። ሴትየዋ «እንዲህ ነው እንዴ» ብለው ቦርሳቸውን ሰብስበው ሊነሱ ሲሉ ወንበሬ እንደገና ሲጥ አለች።

ባለቤቴ ወንበሯን አያት።

«ይነሱ እስቲ» አለ።

ተነሱ። ወንበሬን ከሥራቸው ወስዶ ገለበጣት።

«ይሄ የኔ ሥራ ነው፤ ሌላ ማንም አልሠራውም። እዩት። ይሄኛው እግር ከሌሎቹ በጥፍር ያህል ያጥራል። ይሄ መገጣጠሚያ ሰፍቶብኝ ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ሞላሁት። ሰጋቱራ በኮላ! ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ስሙን አጠፋው ነበር። ሲጥ የሚለው እዚህ ጋ ነው። አናጢ ነኝ የሚል ሰው ይሄን ከቤቱ አያስወጣም!»

ጨረሰን አልኩ በልቤ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ይናገር ይናገር ስል የራሱን ዕቃ ማጣጣል ጀመረልኝ።

«ታዲያ ለምን አልጠገኑትም?» አሉ ሴትየዋ።

እጆቹን አየ። ድምፁ ዝቅ አለ።

«ይቺ ሚስቴ ታማ ሆስፒታል ነበረች» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «ሐኪሞቹ አይዞህ ማለቱን ትተው ነበር። እኔ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልሆነልኝም፣ እየመጣሁ እንጨት እቆርጥ ነበር። ዓይኑ እንባ ያዘለ ሰው ልክ አይቆርጥም። ስትድን መጥታ እዚህ ላይ ተቀመጠችና ‹ይቺ የኔ ናት› አለች። ከዚያ ወዲህ ልጠግናት ባሰብኩ ቁጥር ተቀምጣባታለች።»

እኔ ቃል አጣሁ። እኔ! ያን ጊዜ ሊጠይቀኝ የሚመጣው አልፎ አልፎ ስለነበር ሆዴ ውስጥ አንዲት ቂም ይዤ ኖሬአለሁ። ዝም ያለው ስላልከበደው ይመስለኝ ነበር። ቂሜ እዚያው ቆሜ እያለሁ ስትሟሟ ተሰማኝ፤ ደስታው አንጀቴን አራሰው።

ሴትየዋ የተገለበጠችውን ወንበር በጣታቸው ዳሰሷት። «ጽሑፉ ላይ ያለው ሰውዬ ይሄው ነው» አሉ። ወደ ደራሲዋ ዞረው «ልጄ፣ አንቺ ጆሮ አለሽ» አሏት። ከዚያ ለባለቤቴ፣ «የአዳራሹንም፣ የክፍሎቹንም ሥሩልኝ። ግን እያንዳንዱን ገልብጬ ነው የምረከበው።»

«ይገልብጡ» አለ።

ከሰዓት በኋላ መሮዎቹ ሁሉ ከጨርቃቸው ወጡ። ባለቤቴ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ ለሥራ አስኪያጁ መልስ ሰጥቶ መጣ። «ምን አልከው?» ስለው «እንጨት የላችሁም አልኩት» አለ። ሠራተኞቹ አቅፈው ሊያነሱት ሲሉ ከበዳቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደራሲዋ አዲስ ጽሑፍ ይዛ መጣች። መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የመጣችው። «እትዬ፣ ይሄ ያንቺም ነገር ነው፤ አይውጣ ካልሽ ይቀራል» አለች። «አንብቢውና እሱ ይፍረድ» አልኳትና ወንበሬን ተሸክሜ ሥራ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ለማረፊያው ወንበር ጣውላ እየላገ ነው። ጀመረች።

«ከሠራኋቸው ወንበሮች ሁሉ የምታሳፍረኝ አንዲት ናት። አንድ እግሯ ያጥራል፣ ሲጥ ትላለች። ልጠግናት አልችልም፤ የምወዳት ሚስቴ ተቀምጣባታለች።»

መላጊያው ቆመ።

ደራሲዋ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «አውቃለሁ ጋሼ» አለች። «‹የምወዳት› አላልክም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ልሰርዘው?»

ባለቤቴ ከመላጊያው አፍ ፍቅፋቂውን በአውራ ጣቱ አወጣ። ጣውላውን እፍ አለው። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ወንበሬ እንኳ ዝም አለች።

«አላልኩም» አለ። «አትሰርዢው። እስቲ ድገሚው።»