ዘጠነኛው ጠርሙስ

ሉጥፊያ ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ከእኔ ክፍል ሁለት በር አልፎ ትኖራለች። ውሃ ሲጠፋ፣ መብራት ሲሄድ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ በግቢያችን መጀመሪያ የሚጠራው የእሷ ስም ነው። እኔ ተድላ እባላለሁ፣ ልባሽ ጫማ እነግዳለሁ፣ በዕድሜም አባቷ ብሆን የሚገርም አይደለም። ቢሆንም በዚያ ግቢ አዛዧ እሷ፣ ታዛዡ እኔ ነኝ። ቅር ብሎኝ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ብሎኛል።

የመጣችው ከወሎ፣ ከሀርቡ ወዲያ ካለ መንደር ነው። በፈረንጆቹ 2009 በመተማ በኩል ሱዳን ገብታ ካፉሪ የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት ሥራ ያዘች። አሮጊቷ ዶክተር ኢቅባል የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፣ የባሕር ውሃ ትመረምራለች። እናትየው ከዓመት በኋላ ሲያርፉ ዶክተሯ ሉጥፊያን ለሌላ ቤት መስጠት አልሆነላትም። «ነይ፣ የእኔን ጠርሙስ እጠቢልኝ» ብላ ወደ መዕመሏ ወሰደቻት። መዕመል የሚሉት ቤተ ሙከራውን ነው። ሉጥፊያ የመጀመሪያውን ወር ጠርሙስ አጠበች፤ በሁለተኛው ወር ተማሪዎቹ ሲያጥቡ ከኋላቸው ቆማ ትቆጣጠር ነበር።

ሥራው ምን እንደሆነ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ አስረዳችን። «ባሕር ከታች አየር የሌለበት ውሃ አለው» አለች። «እዚያ የሚኖሩ ፍጥረቶች አሉ፣ በዓይን አይታዩም። እኛ አየር ስናጣ እንሞታለን፣ እነሱ ደግሞ አየር ሲነካቸው ይሞታሉ።»

ሹፌሩ ጎረቤታችን ንጋቱ ሳቀባት። «ታዲያ በግንቦት እዚህ ግቢ ለምን አይመጡም? እኛም እኮ አየር ካየን ቆየን።»

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለችው። «አየር የሌለው ውሃ በየባሕሩ እየሰፋ ነው። ዓሣው ሲሸሽ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ምን እየበሉ፣ ምን እየሠሩ እንደሚኖሩ የሚያውቅ የለም፤ ዶክተሯ ልታውቅ ነው።»

«ምን ይበላሉ ታዲያ?» አልኳት እኔም ለነገር።

«እኛ በአየር የምንሠራውን እነሱ በድኝ ይሠሩታል፣ ጋሽ ተድላ። ድኝ፣ ድኝ ነው የሚሸቱት።»

እኔ በበኩሌ አላመንኩም ነበር። ዶክተሯ ለሐበሻ ሠራተኛዋ ተረት ታወራላታለች ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ቁልፍ ላደርስላት መዕመሉ ሄጄ ስትሠራ አየኋት። ውሃውን ጠርሙስ ውስጥ አታፈስሰውም፤ ካፈሰሱት አየር ይዞ ይገባል። ቀጭን ጎማ እስከ ጠርሙሱ ወለል ታስገባና ከታች ወደ ላይ ታስሞላዋለች። ሲሞላም አታቆምም፤ የጠርሙሱን ሦስት እጥፍ ውሃ በአፉ እንዲፈስስ ትተወዋለች፣ መጀመሪያ የገባው አየር የነካው ነውና። ከዚያ ጎማውን ቀስ ብላ ስባ፣ ውሃው ገና እየፈሰሰ ክዳኑን ትገጥመዋለች። በመጨረሻ ጠርሙሱን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ታነሳዋለች። ምስር የምታክል አረፋ ካየች ደፍታ እንደገና ትጀምራለች። አንዱ የማስተርስ ተማሪ የእሱን ገልብጣ ስታይበት «ማዐሌሽ፣ ትንሽ ናት እኮ» አላት፤ ግድ የለም ማለቱ ነው።

«ለአንተ ትንሽ ናት» አለችው። «ለእነሱ ዕድሜያቸው ናት። ድገመው።»

ደገመው። ልጁ ዛሬ ዶክተር ሆኗል ይባላል።

ሌላም ነገር አሳየችኝ። በየጠርሙሱ አንድ ጠብታ ቀለም ይገባል። አየር ያለበት ውሃ በዚያ ቀለም ሮዝ ይሆናል፤ አየር የሌለበት ግን ቀለሙን አጥፍቶ ጥርት ብሎ ይቆማል። ውሃው እንደታፈነ መቆየቱን የሚያውቁት በዚህ ነው።

እንግዲህ ዋናው ታሪክ። በፈረንጆቹ 2016 መጋቢት አንድ የውጭ አገር የምርምር መርከብ ፖርት ሱዳን መጣ። ዶክተር ኢቅባል ከቀይ ባሕር ጥልቅ ውስጥ ውሃ እንዲቀዱላት በደብዳቤ ሦስት ዓመት ለምናቸው ነበር። ቀዱላት፤ ግን ዘጠኝ ጠርሙስ ብቻ፣ ከዘጠኝ የተለያየ ጥልቀት፣ ከየጥልቀቱ አንድ። ከላይ የተቀዱት ስድስቱ ሮዝ ናቸው። ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ጥርት ያሉ። ዘጠነኛው ከሁሉ በታች፣ ከባሕሩ ወለል አጠገብ የተቀዳ ነው፤ ዶክተሯ ከልቧ የምትፈልገው እሱን ነበር። መርከቡ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ የለም።

ጠርሙሶቹን ሊረከቡ ዶክተሯና ሉጥፊያ ፖርት ሱዳን ወርደው ነበር። ዶክተሯ በማግስቱ ፈተና የምትሰጥ ስለሆነ በአውሮፕላን መመለስ ነበረባት፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ጠርሙሶቹን አልቀበልም አለ። ስለዚህ ደብዳቤ ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ፣ ጠርሙሶቹ ያሉበትን ሳጥን ለሉጥፊያ ሰጠቻት። «ሳይከፈት አድርሺልኝ» ያለቻት ይህንኑ ብቻ ነው። እኔ ጫማ ላመጣ ፖርት ሱዳን ነበርኩና ጎህ ሲቀድ በአንድ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሉጥፊያ ለሳጥኑ የራሱን ወንበር ይዛለታለች። እንዳይሞቅ በረጠበ ጆንያ ሸፍናዋለች፤ በየሰዓቱ ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ታርከፈክፍበታለች። እኔ ሁለት ወንበር ወደ ኋላ ተቀምጬ ለእኔ አንድ ጉንጭ አለማቅረቧን እታዘብ ነበር።

አትባራ ሳንደርስ፣ ረፋዱ ላይ፣ ተፍቲሽ አስቆመን። ፍተሻ። ወጣት ፖሊስ ገብቶ ጆንያውን ገለጠ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ ጠርሙሶቹን አየ። ከዚያ ሉጥፊያን አየ። የእኛ አገር ሴት መሆኗን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም።

የማያውቅ ካለ ልንገረው። በዚያ ጊዜ ሱዳን ውስጥ ዐረቂ ክልክል ነበር፤ ሐበሻ ሴት ጠርሙስ ይዛ ከተገኘች ደግሞ ሌላ ማስረጃ አይፈለግም። ግርፋት፣ እስር፣ ከዚያ በመተማ በኩል ወደ ውጭ። ስንቱን ሲወስዱ አይቻለሁ።

«ኢንዚሊ» አላት፤ ውረጂ። ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ «ከዚህች ሐበሺያ ጋር ያለ ማነው?» አለ።

እኔ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ክር የሌለው ጫማ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሉጥፊያ ሳጥኑን ታቅፋ ወረደች። አለቃው በራኩባ፣ በሣር ዳስ ጥላ ሥር፣ ከአንዲት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ለማየት ተከትሎ ወረደ፤ እኔም በሰው መሀል ተደብቄ ወረድኩ።

«ዴ ሹኑ?» አለ አለቃው። ይህ ምንድነው?

«ሞያ በሐር፣ ጀናቡ። የባሕር ውሃ ነው።» ጀናቡ አለቃን ማክበሪያ ነው። ደብዳቤውን ሰጠችው።

ሁለቴ አነበበው። «ወረቀት ማንም ያትማል» አለ። «ሮዙ ከርከዴ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥርት ያለው ግን ምን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን። ሦስቱን ክፈቻቸው፣ ላሽታቸው።»

«ከከፈትኳቸው ይሞታሉ።»

«ማን ነው የሚሞተው?»

«ውስጥ ያሉት።»

ፖሊሶቹ ሳቁ። አለቃው አልሳቀም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። ያኔ ነው ድፍረት የመጣልኝ፤ ከሰው ኋላ ሆኜ በአማርኛ «አንቺ ሉጥፊያ፣ ከሮዙ አንዱን ስጪውና ይገላግለን!» አልኳት።

ወደ እኔ አልዞረችም። «ሮዙ አይመሰክርልኝም፣ ጋሽ ተድላ» አለች። «ሮዙ ቢከፈትም ሮዝ ነው፤ ጥርት ያለው ዐረቂ አለመሆኑን በምን ያውቃል?» ከዚያ በዓረብኛ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ማስተርስ ተማሪዎቹን የምታዝበት ድምፅ ነበር። «ጀናቡ፣ ስማኝ። ሦስቱንም ዝም ብዬ አልከፍትም። አንዱን እከፍታለሁ። ዐረቂ ከሆነ እኔንም ሌላውንም ውሰድ። ካልሆነ ግን ስምንቱ እንደታሸገ ይሄዳል፣ ከፊት ያሉትም ፍተሻዎች እንዳይነኩት ትጽፍልኛለህ።»

ሰውዬው ጢሙን እያሻሸ አያት። ተይዞ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጥ ሰው አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ይሁን» አለ። «መራጩ ግን እኔ ነኝ። አንቺ ከመረጥሽ ውሃ የሆነውን ትመርጪያለሽ።»

«ምረጥ።»

ጠርሙሶቹን ሳይሆን እሷን አየ። ሉጥፊያ ሳታውቀው ግራ እጇን ከሳጥኑ ጥግ አሳርፋ ነበር፤ ከእጇ ሥር ያለው ዘጠነኛው ነው። «ከእጅሽ ሥር ያለውን» አለ።

ሌላ ምረጥ ብትለው ያለቀላት ነው፤ ያ ለእኔም ገብቶኛል። እጇን አነሳች። ጠርሙሱን አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ አቆመችውና «ቢስሚላህ» ብላ ክዳኑን ነቀለችው።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የበሰበሰ እንቁላል ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ። ያ ነው፣ ብሶ። አለቃው ሊያሸት አጎንብሶ ስለነበር ሙሉውን ተቀበለው፤ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ወጣቱ ፖሊስ በቆቡ አፍንጫውን ያዘ። ተሳፋሪው ሁሉ በነጠላውና በእጅጌው ተሸፋፈነ።

«አሁን ሽታውን ተወው፣ ጠርሙሱን እየው» አለችው።

ከጠርሙሱ አፍ ላይ ሮዝ ቀለም ታየ። ማንም አልነካውም። እያየነው፣ ከአንገቱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ሆዱ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። እኔ ስድስት ዓመት ተረት ነው ያልኩትን ነገር በሁለት ዓይኔ አየሁት።

«አየሩ ሲገባ ነው» አለች ሉጥፊያ። «ሮዙ በደረሰበት ሁሉ እየሞቱ ነው። ዐረቂ እንዲህ ያደርጋል፣ ጀናቡ?»

«ሱብሐነላህ» አለ ሰውዬው። ቀጥሎም «በሕይወት ነበሩ?» አላት።

«እስካሁን ድረስ።»

ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ወረቀት አውጥቶ፣ ሳጥኑ በየትኛውም ፍተሻ እንዳይከፈት ብሎ ጻፈ፣ ስሙን ፈረመ፣ ማኅተም መታበት። ይቅርታ አላላትም። ሳጥኑን ግን ለወጣቱ ፖሊስ አሸክሞ ራሱ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት። የተከፈተውንም ጠርሙስ ደፍታ አልጣለችውም፤ ክዳኑን መልሳ ገጥማ ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ከዚያ በኋላ እኔ ከሳጥኑ አጠገብ ያለውን ሰው ወንበር እንዲቀይረኝ ለምኜ፣ ውሃውን በየሰዓቱ እስከ ካርቱም ሳርከፈክፍ መጣሁ። ሌላ የማደርግላት ነገር አላገኘሁም።

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁና ልረፍ። ሰባተኛውና ስምንተኛው በሕይወት ደርሰዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶክተሯ ምግብ ያደረገችላቸው ጠርሙሶች ደፈረሱ፤ መዋለዳቸው ነው ተባልኩ። ጥናቱም ታተመ።

እኔ የማልረሳው ግን ያን ዕለት አሥር ሰዓት ገደማ መዕመሉ ውስጥ የሆነውን ነው። ዶክተር ኢቅባል ሳጥኑን ራሷ ከፈተችው። ሰባትን አነሳች፣ ጥርት ያለ ነው። ስምንትን አነሳች፣ ጥርት ያለ ነው፤ ፊቷ በራ። ዘጠኝን አነሳች።

ሮዝ ነበር።

ተቀመጠች። ሉጥፊያ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ እጇ የት እንዳረፈ ሳይቀር። አንድም ነገር በሰው ላይ አላላከከችም። ዶክተሯ ጠርሙሱን በእጇ እንደያዘች «ባትከፍቺው ሦስቱም ይከፈቱ ነበር» አለች። ያለቀሰች መስሎኛል፤ መነጽሯን አውልቃ ነበር። ከዚያ መዝገቡን ስባ መጻፍ ጀመረች።

ሉጥፊያ ሀርቡ ልጅ ሳለች ቁርኣን የቀራች ናት፤ የዓረብ ፊደል በግልባጭም ይነበብላታል። ከጠረጴዛው ወዲህ ሆና አነበበች። «ዘጠነኛው በመንገድ ላይ ተሰበረ» ይላል።

«ሰርዢው» አለች።

ዶክተሯ ቀና አለች። «ፖሊስ አስከፈተ ብዬ ብጽፍ ከአስተዳደሩ ጋር ስንት ወር ደብዳቤ እንጻጻፋለን። ተሰበረ ካልኩ ኸላስ፣ አለቀ። አንቺን የሚጠይቅሽ የለም።»

«ይጠይቁኝ» አለች ሉጥፊያ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ከእጄ አንድ ጠርሙስ ወድቆ አያውቅም። ይኸው እፊትሽ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። አልተሰበረም፣ አልጠፋምም። እኔ ነኝ አስቤ የከፈትኩት። ጠርሙስ የጣለች ገረድ አታድርጊኝ።»

እኔ አሁን ተባረረች ብዬ ነበር። ዶክተሯ ግን የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከሥሩ አዲስ ጀመረች፤ እየጻፈች ጮክ ብላ ታነብ ነበር። «ዘጠነኛው፣ ሌሎቹ ስምንቱ ሳይነኩ እንዲደርሱ ተብሎ፣ በመንገድ ላይ ተከፈተ። የከፈተችው ሉጥፊያ...»

ብዕሩ ቆመ። ሉጥፊያ የዶክተሯን እናት አጥባለች፣ ገንዛለች፤ መዕመሏን ስድስት ዓመት ይዛለች። ዶክተሯ ፊቷ እየቀላ «ሉጥፊያ ማን?» አለቻት።

«ይማም።»

«አያትሽስ?»

«አሊ።»

ጻፈችው። ሉጥፊያ የመጨረሻው ፊደል እስኪያልቅ ጎንበስ ብላ ተመለከተች፣ በጣቷ ተከትላ አነበበች። «አዎ» አለች፣ «የከፈተችው እሷ ናት።» ከዚያ ጠርሙሱን ልታጥበው ይዛ ወጣች።