በእኔ አፍ የተሸጠው ሶላር

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከሸኮ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ ነው። የመብራት ምሰሶው ከተማው ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለነው በኩራዝ ነበር የምናመሸው፤ ስልካችንን በገበያ ቀን ከተማ ወስደን ከፍለን እናስሞላ ነበር። እኔ የተወለድኩት እዚያው መንደር ነው። ሸኮኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ተምሬ አሁን አስተምርበታለሁ። ስለዚህ ከግብርናም ሆነ ከጤና እንግዳ ሲመጣ «ቲቸርን ጥሯት» ይባላል። በዚህ ኩራት ይሰማኝ ነበር፤ አልደብቅም።

ሶላር ሻጩ የመጣው ቡና ተሽጦ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ባለበት ሰሞን ነው። በሞተር መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ሶላሩን ፀሐይ ላይ ዘረጋና ከአንድ ጥቁር ባትሪ ጋር አገናኘው፤ አምፖል አበራ፣ ሬዲዮ ከፈተ። በጠራራ ፀሐይ የበራ አምፖል ለማየት መንደሩ ተሰበሰበ።

«እህቴ፣ እኔ የምለውን ንገሪልኝ» አለኝ።

ነገርኩለት። «ሁለት መቶ ዋት ነው፤ ቴሌቪዥንም ፍሪጅም ያሠራል» ሲል፣ ዋትን በሸኮኛ ምን እንደምል ግራ ስለገባኝ «ጉልበቱ ትልቅ ነው» አልኩ። «ዋጋው ግማሽ የሆነው በፕሮጀክት ስለተደገፈ ነው፤ ምዝገባው ዛሬ ይዘጋል» አለ። ይህንንም አስተላለፍኩ። ሲቀልድ ቀልዱን አሳምሬ ነገርኩ፤ ሰው ሳቀ። እሱ ከሚናገረው ይልቅ እኔ የምለው ሳያምር አልቀረም።

ከዚያ «የአምስት ዓመት ዋስትና አለው» አለ። እኔ «ዋስ አለው» ብዬ ተረጎምኩት።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። የእናቴ ጎረቤት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲያለሙ የኖሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። «ዋሱ ማነው?» አሉ።

ሻጩን ጠየቅኩት። «ድርጅቱ ነዋ!» አለና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳየ።

እኔም ወደ ሽማግሌው ዞሬ «ሚዛን ከተማ ያለ ትልቅ ድርጅት ነው» አልኳቸው። ሚዛን የሚለውን እሱ አላለም። ወረቀቱንም አላነበብኩትም። ትልቅ ነገር ሁሉ ያለው ሚዛን ስለሚመስለኝ ብቻ ከአፌ አመለጠ።

የዚያን ቀን አሥራ አንድ ቤት ተመዘገበ። አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ዕቃው በአይሱዙ መጣ፤ ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ለየቤቱ አንድ አንድ ወረቀት አድሎ ሄደ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን ነበር። አምፖሎቹ ይበራሉ፣ ስልክ ይሞላል። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ስላልነበረ ያንን የሞከረ የለም። መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጀምር አምፖሎቹ ራት ሳይቀርብ ይደክሙ ጀመር። «ደመናው ነው» ተባባልን። በመካከል ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሆነ፤ ለውጥ የለም። ሻጩ ጋ ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነው። በሳምንቱም ዝግ ነው።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ሽማግሌው የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ቆመው አየኋቸው። ሄድኩና ሰላም አልኳቸው። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ያ ሰው የት ነው?»

«አላውቅም አባባ። ስልኩ አይሠራም።»

«እኛ እሱን አናውቀውም፤ ያለውንም አልሰማንም። የሰማነው ያንቺን ነው። ዋሱ አንቺ መስለሽን ነው የገዛነው።»

ከእረፍት በኋላ ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ ዛሬም አላስታውሰውም።

ቅዳሜ የራሴን ሶላርና ባትሪ ይዤ ወደ ሚዛን ተሳፈርኩ። መኪናው ውስጥ ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የድርጅት ስም አለው፤ አድራሻ የለውም። የንግድ ፈቃድ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። የሻጭ ስምና ፊርማ የሚለውም ባዶ ነው። ሚዛን ደርሼ በየሱቁ እየዞርኩ ጠየቅኩ፤ ድርጅቱን የሚያውቅ ጠፋ።

በመጨረሻ ቤተሰቦቹ ከጅማ የመጡ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ አዘነልኝ። ባትሪውን በአንድ እጁ አነሣው። «ይሄማ ቀሎኛል» አለ። ሶላሩን ገልብጦ ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሩ ፋቀው፤ ሁለት መቶ ከሚለው ሥር ሌላ ወረቀት ወጣ። ሃምሳ ይላል። ከዚያ ባትሪውን ከፈተው። ውስጡ ለሞተር ሳይክል የሚሆን ትንሽ ባትሪ ነበር፤ ቀሪው ቦታ በስፖንጅ ተጠቅጥቋል።

አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ብዙም አልተገረመም።

«ሁለተኛ ስትገዙ ፀሐይ ላይ አስወጥታችሁ በቴስተር አስለኩት» አለኝ። «ሱቁን እዩ፣ ፈቃዱን እዩ፣ ደረሰኝ አስቆርጡ። ዛሬ ካልገዛሽ ያለሽን ሰው ደግሞ ነገ ና በይው።»

«ለፖሊስ ላመልክት?»

«አመልክቺ እንጂ። ስሙን ታውቂዋለሽ?»

አላውቀውም ነበር። አሥራ ሁለት ቤት ገዝቶ ስሙን የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ቢሆንም ሄጄ አመለከትኩ፤ ቃሌን ጻፉልኝ። ሰውየው መያዙን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እሑድ የገዙት ሁሉ ተሰበሰቡ። ያየሁትን በሸኮኛ ነገርኳቸው፤ ስፖንጁንም አሳየኋቸው። የሚዛኑን ነገር ብተወው የሚያውቅብኝ አልነበረም። «ሚዛን ያለ ድርጅት ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ እንዲያ አላለም» አልኩ።

ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ያንቺ ኮሚሽን ስንት ነበር?» አለኝ። አንዲት ባል የሞተባት ሴት ተነሣችና «ላሜን ሸጬ ነው የገዛሁት፤ አንቺን አምኜ» ብላ ትታን ሄደች።

ሽማግሌው ጎልማሳውን «እሷም እንደኛ ገዝታለች፤ ተዋት» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ይሄ ነገር ጭራሽ አይሠራም ወይስ ትንሽ ይሠራል?»

ትንሽ ይሠራል። ነጋዴው እንደነገረኝ ሶላሩ ደህና ባትሪ ቢያገኝ ሁለት አምፖልና ስልክ ይችላል። ከሽማግሌው ጋር ሚዛን ሄደን ለስድስት ቤት ባትሪ ገዛን፤ ደረሰኙን ሁለታችንም አነበብነው። የቀሩት «ገንዘብ በገንዘብ ላይ አንጨምርም» አሉ። አልፈረድኩባቸውም።

በዓመቱ ሌላ ሻጭ ከቴፒ መጣ፤ እንደገና ተጠራሁ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለህ፣ ትቆማለህ፣ እኔ እናገራለሁ» አልኩት። «ቀልድ አልተረጉምም። ያልገባኝን ቃል አስረዳኝ።» ቅር አለው፤ ግን ተስማማ። እያንዳንዱን ነገር አጠገቡ ሳይሆን ከሰዎቹ ጋር ተቀምጬ ተረጎምኩ።

«ይሄ ዋጋ እስከ ዛሬ ማታ ነው» ሲል እንዳለው አስተላለፍኩ።

«ነገም ፀሐይ ትወጣለች በይልን» አሉ ሽማግሌው።

ሰው ሳቀ። ሻጩም ሳቀና «እሺ፣ ቴፒ መጥታችሁ ሱቄን እዩት» አለ። ሽማግሌውና አንድ ሌላ ሰው ሄዱ። ሱቁ አለ፤ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጎረቤቶቹ ያውቁታል። ሶላሩንም ፊታቸው አስለክቶ አሳያቸው። አራት ቤት ገዛ። ከአራቱ የአንዱ ባትሪ ክረምት ላይ ተበላሽቶ ወሰዱለት፤ ሳያንገራግር ቀየረላቸው።

ላሟን የሸጠችው ሴት አልገዛችም። ልጇ እኔ ክፍል ናት፤ ጎበዝ ናት፤ ማታ ቤታቸው ጨለማ ስለሆነ የቤት ሥራዋን ከትምህርት ቤት ሳትወጣ እዚያው ትጨርሳለች። እናትየው መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ቆማ ግን አታወራኝም። እኔም ሰላም እላትና መንገዴን እቀጥላለሁ።