ትንንሹን የሚያሳልፍ መረብ

ሽማግሌው ወደ መኪና መለዋወጫ ሱቃችን ብቅ የሚሉት ከደረቀው ባሕር ጨዋማው አቧራ ሲነሣ ነው። ስማቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም። አፍና አፍንጫቸውን በአንገት ልብስ ይሸፍናሉ። የባሕረኛ ኮፍያቸው አንድ ዘመን ሰማያዊ እንደነበር የሚመሰክረው ስፌቱ ብቻ ነው። ደጅ የሚያቆሟት አሮጌ ኒቫ መኪናም እንደሳቸው ታስላለች።

ዛሬ ባልደረባዬ ፖላት ሁለት የአየር ፊልትሮ አወጣላቸው፤ አንዱ የፋብሪካ ወረቀት፣ ሌላው እየታጠበ ዘይት የሚቀባ የጥጥና የሽቦ ጥልፍልፍ።

«አባባ፣ በየወሩ ወረቀት ከሚገዙ ይቺን ይውሰዱ። የልጅ ልጅዎ ይወርሳታል።»

«የልጅ ልጄማ ከዚህ ከሞይናቅ ከወጣ ቆየ» አሉና ጥልፍልፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱት።

«ደኅና ሥራ ነው። ግን ትንንሹን ያሳልፋል።»

«ትንሽ ቢያልፍ ምን አለበት?» አለ ፖላት።

«እኛም ዓሣ ስናጠምድ መረባችንን እንዲህ ነበር የምንሠራው፤ ትንንሹ ይለፍ፣ ይደግ ብለን። አሁን ግን የሚገድለው ትንሹ ነው።»

ሳል አቋረጣቸው። እስኪለቃቸው ፖላት ጥልፍልፉን ወደ መደርደሪያው መለሰ።

ወረቀቱን ገዙ። ካርቶኑ የተቀደደ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ ነፋሱን አዩ፤ የአንገት ልብሳቸውን ከአፋቸው ፈተው ፊልትሮውን ጠቀለሉበት፤ ከንፈራቸውን ገጥመው ወደ አቧራው ወጡ።