የኮምቦልቻው ሰርግና የኔ ቤዝ ጊታር

ደሴ ውስጥ ቤዝ ጊታር ያልተጫወትኩበት ባንድ ቢኖር ገና ያልተመሠረተው ነው። ሁሉም በክብር ሸኝተውኛል። ዘንድሮ ከአዲሱ ባንዴ ጋር ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ስንጫወት፣ ድራሙ ጆሮዬ ስር እየጮኸ የራሴን ጊታር ባልሰማውም፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ ተጫወትኩ። የሙሽራዋ አባት ጋሽ ሰይድ መጥተው፣ «ወላሂ፣ እንደዛሬ ያማረ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም!» ብለው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። በኩራት አበጥኩ።

ዕቃ ለመሰብሰብ ጎንበስ ስል ግን የጊታሬ ገመድ ከድምፅ ማጉያው ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ለካ አንድም ድምፅ ሳላሰማ ነው የዋልኩት! በድንጋጤ ኪቦርድ ተጫዋቹን ወንድወሰንን ጥግ ወስጄ፣ «ለማንም እንዳትናገር፤ ገመዴ ተነቅሎ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ ረጋ ብሎ። «የነቀልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ደጋን ከተማ የተጫወትንበትም ሰርግ ያማረው ለዚሁ ነው።»