ማማሰያው የቆመ ዕለት

ልጄ ያለ ምክንያት መሳቅ ስትጀምር ነው አደጋ መኖሩ የገባኝ። በቤተ ሙከራው በር ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አየኋት። ብቻዋን ቆማ፣ የብርጭቆ ዘንግ ይዛ፣ ብልቃጧን ታማስላለች፤ ትስቃለች። ልጄ ደግሞ ሥራ ላይ የምትስቅ ሰው አይደለችም። ግንባሯን ቋጥራ ነው የምትውለው፣ ልክ እንደ አባቷ።

እንጅባራ ባለ አንድ ኮሌጅ እኔ ጽዳት ነበርኩ፤ እሷ እዚያው የኬሚስትሪ ተማሪ፣ የመጨረሻ ዓመቷ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ኮሪደሩን ስወለውል በሯ ላይ ቆም እያልኩ ስለምጠይቃት ግን፣ እሷም መልሳ ለማስረዳት ስለማይሰለቻት፣ የምትሠራውን ከሞላ ጎደል አውቀው ነበር።

የምትሠራው የፕላስቲክ ፍሬ ነው። ከጤፍ ያነሱ፣ ድቡልቡል፣ ሁሉም እኩል መሆን ያለባቸው ፍሬዎች። ለውሃ ማጣሪያ ይሆናሉ ትለኛለች። ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትጨምራለች፤ ከውሃው ጋር አይዋሃድም፤ የኤሌክትሪክ ማማሰያው ሲመታው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይበተናል። ሙቀቱ ላይ ሰዓታት ሲቆይ እያንዳንዷ ጠብታ ጠጥራ ፍሬ ትሆናለች። ሌላም ፈሳሽ ጠብ ታደርግበታለች። «ይሄኛው የውስጡን ክሮች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። እሱ ከሌለ ፍሬው በኋላ ይሟሟብኛል» ብላኛለች። ማማሰያው ሲፈጥን ፍሬው ይደቅቃል፤ ሲያዘግም ይተልቃል። ጭራሽ ከቆመ ጠብታዎቹ ተጣብቀው አንድ ጓል ይሆናሉ።

በመጀመሪያው ጊዜ አንዱ ፍሬ እንደ ዱቄት፣ አንዱ እንደ ምስር ሆኖ ወጣባት። ፍጥነቱን ሁለቴ ሦስቴ ስትቀያይር ነበር የዋለችው። እኔ ደግሞ ዳንግላ ገበያ ቅቤ ሸጬ ነው ያሳደግኳት፤ ወተት በቅል ስንጥ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ምን ያጣድፍሻል? እጅሽን ከለዋወጥሽ ቅቤው መች በወጉ ይወጣል? አንድ አካሄድ ያዢና በዚያው ዝለቂ» አልኳት።

«እሺ ፕሮፌሰር!» ብላ ሳቀችብኝ።

በሚቀጥለው ግን ፍጥነቱን አልነካችም። አድርቃ በወንፊት ስትነፋው አብዛኛው እኩል ሆኖ ወረደ። መዳፏ ላይ ይዛ እየሮጠች መጣች። «እማዬ፣ ያንቺ ቅቤ ይኸውልሽ!» የዚያን ቀን ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ወለወልኩት፣ በደስታ።

መምህሯ ያንኑ ውጤት አንዴ እንድትደግመው አዘዛት። ፈሳሹ የቀረው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱ ከተበላሸ ምርቃቷ ሊዘገይ ነው። ክረምት ነበር፣ እንጅባራ ደግሞ ክረምት ላይ ብርዷ አጥንት ይገባል። ልጄ ሳምንት ሙሉ ስትስል ሰንብታለች። የምትደግምበት ዕለት ጠዋት ስገባ ሁለቱም መስኮቶች ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ንፋሱ ማጅራቷን ይገርፋታል። እሷ ውሃ ለመቅዳት ወጣ ስትል መስኮቶቹን ዘጋሁ። ክፍተቱን በጨርቅ ጠቀጠቅሁት። ሽው የሚል ብርድ ሰው ይጥላል ተብለን ነው ያደግነው፤ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ መስኮት ከሚከፍት ሰው ጋር እንጣላለን።

ስትመለስ ልብ አላለችም። ከጠረጴዛዋ በላይ ያለው ማራገቢያ ሽታውን እየሳበ ወደ ውጭ ያስወጣ ነበርና።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ማማሰያው ቆመ፣ ማራገቢያውም አብሮ ቆመ። እሷ ዘንጉን አንሥታ በእጇ ማማሰል ቀጠለች። ሳቋን የሰማሁት ያኔ ነው።

በሩን ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። ጣፋጭ ነገር ይመስላል፣ ግን ዓይን ያቃጥላል።

«እማዬ! ሁለት ሆነሽ መጣሽ? አንዷ ታማስልልኝ፣ እኔ ልረፍ» አለችኝ።

«ነይ ውጪ!»

«ካቆምኩ ይጋገራል።»

«ይጋገራ!»

«የመጨረሻው እኮ ነው!»

ስደነግጥ አማርኛው ይጠፋኛል፤ በአገውኛ እየጮህኩ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። በገዛ እጄ የጠቀጠቅሁት ጨርቅ አልወጣ አለኝ። ጥፍሬ ተሰብሮ ወጣ። ከፈትኩት፣ ብርዱ ገባ፤ ግን የኔም ጭንቅላት መዞር ጀምሮ ነበር። ወገቧን ይዤ ጎተትኳት። ጠረጴዛውን የሙጥኝ አለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከኔ በቁመት ትበልጣለች። ጉልበቷ ሲከዳት ዘንጉን ለቀቀች፤ በዚያው በኮሪደሩ እየጎተትኩ ሣሩ ላይ አወጣኋት። ዝናቡ ያካፋ ነበር።

መምህሯ ጩኸቴን ሰምቶ ሮጦ መጣ። ማንም እንዳይገባ ከለከለ። «ማሞቂያውም ጠፍቷል፣ ራሱ ይቀዘቅዛል። መስኮቱን ማን ነው የዘጋው?»

ዝም ማለት እችል ነበር።

«እኔ ነኝ፣ መምህር። ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው።»

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ጃኬቱን አውልቆ ልጄ ላይ ጣለላት። «እናቴ፣ የዚያ ፈሳሽ ሽታ ራስ ያዞራል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ብርዱ መድኃኒቷ ነው። ከእንግዲህ እንዳይዘጉባት» አለኝ። ልጄ አስታወከችና ቀና አለች።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አላት።

«ረቡዕ። ፍሬዎቼስ?»

«ፈሳሹን እንደገና እናስመጣለን። ጥቂት ወር ትቆያለሽ እንጂ ትሠሪዋለሽ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ «ይጋገር በቃ» አለች። «አንቺ ግን እንዴት ነው የጎተትሽኝ? በሬ ነሽ እንዴ?»

«በሬማ እንዳንቺ ችክ አይልም» አልኳት።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ደረቷን አዳመጠች፣ ዓይኗን አየች፣ እኔንም አየችኝ፤ ሁለታችንንም ጥቂት ሰዓት አቆይታ ወደ ቤት ሂዱ አለችን። ቤታችን ገብተን አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጇን ያዝኩት፤ ሞቆ ነበር።

«ደርሰናል፣ ልጄ» አልኳት። «ደህና ነን።»