ቀትር ላይ የሚጎብጥ ሐዲድ

ጉሉማ አሥራ ስምንት ዓመት የድሬዳዋን መስመር ሲጠግን ኖሮ ወደ ትውልድ አገሩ ሮቤ ሲመለስ፣ ሐዲድ ዳግመኛ አያለሁ ብሎ አላሰበም። የመንግሥት እርሻው ግን ከስንዴው ጎተራ እስከ መኪና መጫኛው ሁለት መቶ ሜትር የጋሪ ሐዲድ ዘርግቶ ጠበቀው። ባለሙያ ተገኘ ተባለና ቀጠሩት። ቀጠሩት እንጂ አልሰሙትም።

ነገሩ የተበላሸው በታኅሣሥ ነው። ጋሪው በየመጋጠሚያው እየዘለለ እህል ይደፋል ተባለና፣ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ወዚር ሐዲዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ እንዲበየድ አዘዘ። ጉሉማ፣ "በውርጭ አይበየድም፤ ፀሐይ ይሙቀው፣ ወደ ጎን እንዳይሸሽም ግራና ቀኙ ጠጠር ይሞላ" ቢል ማን ሰምቶት! በውርጭ ተበየደ። ጠጠሩም ለሚቀጥለው በጀት ተባለ።

የካቲት ገባ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጉሉማ ሲባጎ ወጥሮ ቢለካ፣ ሐዲዱ መሐሉ ላይ ሁለት ጣት ወደ ጎን ወጥቷል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ መርዘሚያ ካጣ ይጎብጣል። የጤና ጣቢያዋን ነርስ ማናልበሽን የትኩሳት መለኪያ ለምኖ ብረቱ ላይ ቢያስደግፈው፣ አርባ ሁለት ደረሰና ቁጥሩ አለቀ።

የሚያበሽቀው፣ ሐዲዱ ሌሊት ሲበርደው ተመልሶ ቀጥ ይላል። ጓድ ወዚር ደግሞ የሚጎበኘው ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

"የታለ ጉብጠቱ?" አለ ጎንበስ ብሎ።

"ስድስት ሰዓት ላይ ይምጡ አልኩዎት እኮ።"

"ስድስት ሰዓት ምሳ ነው።"

"ብረቱ ምሳ ሰዓት አያውቅም፣ ጓድ።"

"ቀልዱን ተወው። ትኩሳት የያዘው ብረት አይቼ አላውቅም። ነገ ሰባት ሰዓት ላይ እንግዶች ከጎባ ይመጣሉ፤ ጋሪው እፊታቸው ይሮጣል። 'ለጉዞ አስተማማኝ ነው' ብለህ ፈርም። ካልፈረምክ አሻጥር ነው የምለው።"

አሻጥር! በዚያ ዘመን ይህች ቃል ከተወረወረች የሚመልሳት አልነበረም። ጉሉማ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። መፈረሙ ቀላል ነው፤ ግን ሃያ ኩንታል የጫነውን ጋሪ ይዘው ቁልቁለቱን የሚወርዱት የጋሪው ሠራተኞች ጤቤና ዙህራ ናቸው። ጉብጠቱ ላይ ከሐዲዱ ቢወጣ የሚገለበጠው በእነሱ ላይ ነው።

የዚያኑ ቀን ቀትር ላይ የጋዝ መቁረጫውን አቀጣጠለ።

"ኦቦ ጉሉማ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?" አለች ጤቤ።

"ጓድ ወዚርን ጥሪልኝ።"

"ምሳ ላይ ናቸው።"

"ሐዲዱን እየቆረጠ ነው በያቸው። ምሳውን ይተዉታል።"

ጓድ ወዚር አፉን ሳይጠርግ እየሮጠ ደረሰ። ጉሉማ የጣት ስፋት ያህል ብረት ከሐዲዱ ቆርጦ ሊያወጣ ጥቂት ነው የቀረው። የመጨረሻዋ ክር ስትለቅ ሁለቱ ጫፎች "ቋ!" ብለው ተላተሙ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ኋላ ዘለለ።

"ክፍተቱ የት ገባ?"

"ብረቱ ሞላው። ሲገፋ የከረመው ይኸው ነው።"

ደግሞ ቆረጠ፤ ደግሞ ጠበበ። በሦስተኛው ትንሽ ክፍተት ቀረ። ወዲያኛውንም ሐዲድ እንዲሁ አደረገው። ጓድ ወዚር አፉን በመዳፉ ጠረገና፣

"እሺ፣ ገባኝ። አሁን መልሰህ በይደው፤ ጠጠሩን እንግዶቹ ካለፉ በኋላ እናስብበታለን" አለ።

ጉሉማ መቁረጫውን አስቀመጠ። ያለ ጠጠር ከተበየደ ተመልሶ መጉበጡ አይቀርም፤ እንዲህ ገብቶት እንዲህ ይበል?

"ኦክስጅኑ አልቋል፤ ያለ እሱ አይበየድም።"

"ሌላስ?"

"ከሻሸመኔ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። የድሮውን ማያያዣ በብሎን አስርበታለሁ። ይንገጫገጫል እንጂ አይወድቅም።"

ጉሉማ ሐዲዱን አስሮ ሲጨርስ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ፈረመ፤ "ከተቆረጠ በኋላ" የሚል ግን በእጁ ጨመረበት።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጋሪው እንግዶቹ እያዩት ተንገጫግጮ ወረደ፣ ደረሰም። መጋጠሚያው ላይ ሁለት ጣሳ የሚሆን ስንዴ ተደፋ። ጤቤ ከአፈር እየለየች፣ "ጉድ አደረጉን፣ ኦቦ ጉሉማ! ለቀማው ለእኛ ሆነ" ብላ ተነጫነጨች።

በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፦ ስለተደፋው ስንዴ። ጉሉማ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ገልብጦ ጀርባው ላይ አምስት መኪና ጠጠር እንዲፈቀድ ጻፈና፣ ለጓድ ወዚር መልሶ ላከው።